የዕቅድ ውይይት፦ የአንኮበሩ የጭርትና የቆረቆር ፕሮፖዛል፣ ከረቂቅ አንድ እስከ ረቂቅ ሦስት

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። እሑድ በተስማማነው መሠረት ፕሮፖዛሉን እዚሁ እየተወያየን እንጽፈዋለን። የቻለ ይጨምር፣ ያልተዋጠለት ይናገር። ረቂቅ አንድ ይኸውላችሁ፦

«ማኅበሩ በአንኮበር ባሉ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ከብሳና፣ ከእንዶድና ከመቅመቆ የጭርትና የቆረቆር ቅባት አዘጋጅቶ ያከፋፍላል። የተረፈውን ሸጦ ገቢ ያገኛል።»

አጭር መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ነው የጠራኋችሁ።

መምህሩ፣ ከአንኮበር፦
እግዜር ይስጥልን። ነገሩ እኔ ክፍል ውስጥ በየቀኑ የማየው ነው። ቆረቆር ያለበት ልጅ ኮፍያውን አያወልቅም፤ አውልቅ ስትለው ያለቅሳል፤ ጓደኞቹ አብረውት አይቀመጡም። ሴቶቹ ሻሽ ስለሚያስሩ ጭራሽ አይታወቅባቸውም። እናቶች የብሳና ቅጠል ቀንጥሰው ፈሳሹን ያስነኳቸዋል፣ አንዳንዷ እንዶድ ቀጥቅጣ ታጥባቸዋለች። የተሻለው አለ፣ የባሰበትም አለ። ስለዚህ ሐሳቡን እደግፋለሁ።

ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
መምህር፣ እኔም እደግፋለሁ፤ ግን ጭርትና ቆረቆር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው መግባት የለባቸውም። ሁለቱንም የሚያመጣው ፈንገስ ቢሆንም፣ የቆረቆሩ የፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ይገባል። ከላይ የሚቀባ ነገር፣ ቅጠልም ይሁን የፋርማሲ ክሬም፣ እዚያ ድረስ አይደርስም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፦ ግሪሲዮፉልቪን ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ወይም ተርቢናፊን 4 ሳምንት ያህል፣ እንደ ልጁ ክብደት። በቅባት ስንታገለው ወራት ያልፋሉ፤ አንዳንዱ ልጅ ላይ ጠባሳ ይተውና ፀጉሩ እዚያ ቦታ ላይ አይመለስም። ልጁ እየተቀባ ሳለ ደግሞ ለወንድሙ በማበጠሪያ፣ ለጎረቤቱ ልጅ በቶንዶስ ያስተላልፋል። ቶንዶሱን በፕሮፖዛሉ አስገቡልኝ። ፀጉር አስተካካዩን ያልጨመረ ዕቅድ ከንቱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ቆረቆሩ ከወጣ የቀረው ጭርት ብቻ ነው። ገበያው በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

የመርጌታ የልጅ ልጅ፦
የምጽፈው እኔ ነኝ፣ የሚናገሩት አያቴ፣ የባህል መድኃኒት አዋቂው መርጌታ ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ልጆቼ፣ ጭርት ስትሉ የትኛውን ነው? ጠርዙ ተነስቶ መሐሉ የሚጠራውን ነው? ውሃ የሚያዥውን ነው? ክርን ላይ ቅርፊት የሚሠራውን ነው? ለሁሉም አንድ ቅጠል አልሰጥም። ብሳና ፊት ላይ አይነካም። እንዶድ የተላጠ ቆዳ ላይ አይደረግም። የቁልቋል ወተት የሚያስነኩ አሉ፤ ዓይን ያጠፋል፣ እነሱን ከእኔ ጋር አትቁጠሩ። ደግሞስ አባቴ በስንት ደጅ ጥናት ያስተማሩኝን ዘርዝሬ ሰጥቼ ነገ መርካቶ በጠርሙስ ሲሸጥ ባየው፣ የማን ልበለው?»

ፋርማሲስቷ፣ ከአዲስ አበባ፦
መርጌታ፣ እጅ ነሥቻለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዎ ፕሮፖዛሉን ከሥሩ ይለውጠዋል። በሕዝቡ አፍ ጭርት የሚባለው ፈንገሱም ነው፣ ችፌም ነው፣ አንዳንዴ ሌላም ነው። «ይህ ቅጠል ጭርት አዳነ» ሲባል ችፌው በራሱ ጊዜ በርዶ ይሆናል። ለመለየት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፦ ከጠርዙ ትንሽ ቅርፊት ፍቆ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ማየት ነው። ማይክሮስኮፕ ለወባና ለቲቢ የሚጠቀም ጤና ጣቢያ ይህንንም ይችላል።

ስለ ቅጠሎቹ። እንዶድ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል እንደ ሳሙና የሚያረፋ ንጥረ ነገር አለ፤ ልብስ የሚያጥበውም፣ ቀንድ አውጣ የሚገድለውም፣ የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን የሚበሳውም እሱ ነው። ሳፖኒን ግን የፈንገስን ሽፋን ከሰው ሽፋን እምብዛም አይለይም፤ መርጌታ «የተላጠ ቆዳ ላይ አይደረግም» ያሉት ለዚህ ነው። የመቅመቆ ሥር አንትራኪኖን የሚባሉ ቀለማት አሉት፤ ቅቤ ስናነጥር ቀለም የሚሰጠን እሱው ነው። እነዚህ ዕፅዋት በቤተ ሙከራ ፈንገስ ላይ ተሞክረው እድገቱን እንዳገዱ ተጽፏል። ልብ በሉ፣ ሳህን ላይ ነው። ሳህን ላይ ኮምጣጤም ያግደዋል። ከሳህን ወደ ልጅ ቆዳ ረጅም መንገድ አለ፦ መጠኑ፣ የተቆረጠበት ወቅት፣ በውሃ ይሁን በቅቤ መለወሱ። የቅጠል ጭማቂ በቅቤ ለውሰን ብልቃጥ ውስጥ ብናስቀምጠው ደግሞ ቅባቱ ራሱ ይሻግታል። ፈንገስ ልናድን ፈንገስ ልናከፋፍል ነው!

ቤት ውስጥ የሚደረጉ ሁለት ነገሮችም መጻፍ አለባቸው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ በጨርቅ ማሰር ቆዳ ይልጣል። ጤና አዳም ቀብቶ ፀሐይ መውጣት ደግሞ ቅጠሉ ከብርሃን ጋር ተጋግዞ ውሃ ያቋጥራል። ጤና አዳም ቡና ላይ ይቆይልን።

ጸሐፊ፦
እሺ። ረቂቅ ሁለት፦

«ማኅበሩ በሁለቱ ትምህርት ቤቶች የቆዳ ምርመራ ያስደርጋል፤ ቆረቆር ያለባቸውን ለጤና ጣቢያ ይልካል። ባህላዊ ቅባት አያዘጋጅም፣ አያከፋፍልም።»

መምህሩ፦
ወንድሜ፣ ይህማ ሁሉን ነገር አወጣው! መርጌታ ምን ሊያደርጉ ተጠሩ? ምርመራ ብቻ ከሆነ ጤና ኤክስቴንሽኖቹም አሉ። ነገ ወላጅ ስሰበስብ አንዷ እናት ተነስታ «መምህር፣ እስከዚያ ምን ልቀባው?» ትለኛለች። «ምንም» ልበላት? ከቤት ስትገባ ያንኑ ብሳና ነው የምትቀነጥሰው።

ፋርማሲስቷ፦
ትክክል ነዎት መምህር፤ ረቂቁ አፈገፈገ። ለእናትየው መልስ አለን። ቤንዞይክ አሲድ 6 በመቶና ሳሊሲሊክ አሲድ 3 በመቶ ያለው ቅባት፣ ዊትፊልድ የሚባለው፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ርካሽ መድኃኒት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ለዓመታት ነበረ። ሰውነት ላይ ላለ የፈንገስ ጭርት ይሆናል፤ ለተላጠ ቆዳና ለፊት አይሆንም። መርጌታ ደስ ይላቸው እንደሆነ፦ ቤንዞይክ አሲድ መጀመሪያ የወጣው ከጃዊ ሙጫ ነው፣ የሳሊሲሊክ ታሪክም ከአኻያ ቅርፊት ይጀምራል። ክሎትሪማዞል ክሬምም አለ። የማይሆነው ከሱቅ የሚገዛው የስቴሮይድ ቅባት ነው፦ ማሳከኩንና መቅላቱን ያጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይሰፋል። ወረቀት ላይ በትልቁ ይጻፍልኝ።

ሲስተር፦
አንድ ነገር ረስተን ነበር። የነጣ ምልክት ሁሉ ቋቁቻ አይደለም። መርማሪው በጥጥ ጫፍ ይንካው፤ ልጁ ንክኪው የማይሰማው ከሆነ ሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ቀጥታ ወደ ሕክምና ይሂድ። አለርት ሆስፒታልን የምናውቀው በዚህ አይደል? በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል፣ ጣትና እግርም ይተርፋል። በተቃራኒው እውነተኛ ቋቁቻ ፈንገሱ ከሞተ በኋላም ንጣቱ ለወራት ይቆያል። እናቶች «አልሠራም» ብለው ከመድኃኒት ወደ መድኃኒት የሚዘሉት በዚህ ነው። ይህም ይጻፍ።

ጠበቃው፦
መርጌታ «የማን ልበለው» ላሉት ሕግ አለ። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶች አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይባላል። የማኅበረሰቡ ዕውቀት ያለ ማኅበረሰቡ ቅድመ ስምምነት አይወሰድም፤ ጥቅም ከተገኘበትም ይጋራል። ፈቃድ የሚጠየቀው ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ስለሆነ የበሽታው ምርምር ከዚያ ጀመረ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። በኋላ አሜሪካ ውስጥ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል ታየና ፓተንቱ፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብቱ፣ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ወጣ። ልብስ አጣቢዎቹ የትም ወረቀት ላይ የሉም። የጤፉን ጉዳይማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ በ2005 እ.ኤ.አ. ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ተፈረመ፣ ኩባንያው ከሠረ፣ ለአገር የረባ ነገር ሳይገባ ቀረ። እኛ ደግሞ ፕሮፖዛል ብለን የመርጌታን የመድኃኒት አዘገጃጀት ዝርዝር ለለጋሽ ኢሜይል ልንልክ ነው?

ገንዘብ ያዥ፦
እሺ፣ ሽያጩ ይውጣ። ግን ጥያቄዬን አልተውም፦ ለጽሑፉ፣ ለመኪናው፣ ለመድኃኒቱ ከየት?

ሲስተር፦
የቆረቆሩን መድኃኒት እኛ እዚህ ያለነው እናዋጣለን። ከሻንጣ መድኃኒት ግን አልልክም፤ ገንዘቡ ይሄድና ግዢው በጤና ጣቢያው በኩል ይሁን። ጊዜው ያለፈበት ክኒን በሻንጣ ተልኮ ሲጣል አይቻለሁ።

የመርጌታ የልጅ ልጅ፦
አያቴ ሁሉን አስነብበውኝ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ጥሩ። ቅጠሉን አሳያችኋለሁ። አለዋወሱንና መጠኑን ግን ወረቀት ላይ አላወርድም፤ ልጄ ሲማር ለእሱ ነው። ቆረቆር ይዞ የመጣብኝን ልጅ ወደ እናንተ እልካለሁ። እናንተስ ወደ እኔ ማንን ትልካላችሁ?»

ፋርማሲስቷ፦
መልሱን እስካሁን ሳስበው ነበር። መርጌታ፣ ልጅ አንልክልዎትም፤ ይህን በግልጽ ብናገር ይሻላል። ሰው ላይ የሚሞከር ነገር የሥነ ምግባር ኮሚቴና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ማኅበራችን ያን መሥራት አይችልም። የምንልክልዎት ጠያቂ ነው፦ ከአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ወይም ከዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተመራማሪ፣ መጀመሪያ ውል ፈርሞ። ስምዎ ይጻፍ ካሉ ይጻፋል፣ አይጻፍ ካሉም አይጻፍም።

ጸሐፊ፦
ረቂቅ ሦስት። ገንዘብ ያዡ አይቆጣኝ፣ ሽያጭ የሚለው ቃል የለበትም።

«ማኅበሩ ለአንድ የትምህርት ዘመን በሁለት ትምህርት ቤቶች ሥራ ይሠራል። ከጤና ጣቢያው ጋር የቆዳ ምርመራ ያደርጋል፦ ቅርፊት በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ የነጣ ቦታ በጥጥ ይነካል። ለቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት፣ ለፈንገስ ጭርት ዊትፊልድ ወይም ክሎትሪማዞል ይገዛል። ለፀጉር አስተካካዮች ቶንዶስ ማጽጃ ይሰጣል። ለወላጆች የማይቀቡት ተዘርዝሮ በአንድ ገጽ ይታደላል። ከመርጌታ ጋር የዕፅዋቱ ናሙና ተሰብስቦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሐርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይሰጣል፤ አዘገጃጀት አይመዘገብም፤ ማንኛውም ምርምር በአዋጅ 482/1998 መሠረት ስምምነት ሳይኖር አይጀመርም።»

መምህሩ፦
አሁን ለእናትየው የምላት አለኝ። ናሙናውን ከሰባተኛ ክፍል ልጆች ጋር እሰበስባለሁ፤ የቆዩ ጋዜጦች ላኩልኝ፣ ለማድረቂያ።

ፋርማሲስቷ፦
ጋዜጣ እልካለሁ። ሐርባሪየሙ ቅጠል ብቻ አይበቃውም፤ አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ ያስፈልጋል። አዞ ሐረግ የሚባለው ስም እንኳ ከአንድ በላይ ተክል ላይ ይወድቃል፤ ያለ አበባ መለየት ያስቸግራል።

የመርጌታ የልጅ ልጅ፦
«ያብብና እጠራችኋለሁ» ብለዋል። ስልኩንም አጥፊው አሉኝ።