ድረ ገጽ በሁሉም ብራውዘር አንድ ዓይነት መምሰል አለበት?

መነሻው ጥያቄ፦ ሕዝብ የሚገለገልበት ድረ ገጽ በክሮም፣ በሳፋሪ፣ በፋየርፎክስና በኦፔራ ሚኒ አንድ መልክ እንዲኖረው ይገደድ? ወይስ መሥራቱ ይበቃል?

ዲዛይነሯ፦ ይገደድ። ሰሞኑን እናቴን በስልክ የቀጠሮ ፎርም ላስሞላት ነበር። እኔ ላፕቶፕ ላይ ነኝ፣ እሷ አይፎን ይዛለች። «ከታች ‹ላክ› የሚለውን ንኪው» እላታለሁ። «የቱን? የለም እኮ ልጄ» ትለኛለች። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ቆየን። በመጨረሻ ትታው ተነሳች።

ፕሮግራመሩ፦ እህቴ፣ እሱ የመልክ ልዩነት አይደለም፤ ገጹ ተሰብሯል። ምን እንደሆነም እገምታለሁ። የገጹን ቁመት 100 ቪኤች፣ ማለትም ሙሉ የስክሪኑን ቁመት፣ ብለው ጽፈውታል። የአይፎን ሳፋሪ ይህን የሚለካው የአድራሻው መስመር ሲሰበሰብ በሚኖረው ቁመት ነው። መስመሩ ሲዘረጋ የገጹ ግርጌ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። መስመሩ ሲዘረጋና ሲሰበሰብ አብሮ የሚለዋወጠው ዲቪኤች የሚባለው መለኪያ የመጣው ለዚህ ነው፤ ሳፋሪ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቀዋል። መጀመሪያ በቪኤች ጻፉት፣ ከሥሩ በዲቪኤች ድገሙት። የቆየ ብራውዘር የማያውቀውን መስመር ዘሎት ያልፋል።

ዲዛይነሯ፦ አንተ ስለምታውቀው ነው። የሚያስገድድ ከሌለ ማን አይፎን ላይ ይሞክረዋል?

የቆየ ባለሙያ፦ ሞክሩ ብሎ ማስገደድ ይቻላል። አንድ ይምሰል ብሎ ማስገደድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ አይቼዋለሁ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 በሚባለው የድሮ ብራውዘር ዘመን ክብ ጠርዝ ያለው ሳጥን ለመሥራት ትንንሽ ሥዕሎች እየቆረጥን በየማዕዘኑ እንለጥፍ ነበር። ያ ሁሉ ለመልክ ነው። ክብደቱን የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው። ዛሬም ኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ሰው ፓኬጁን እየቆጠበ ነው። ከፍተኛው የቁጠባ ደረጃ ላይ ሲሆን ገጹ ሰርቨር ላይ ተዘጋጅቶ፣ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። እሱን ከክሮም ጋር አንድ አስመስላለሁ ማለት ልፋት ነው። ጽሑፉ ይነበብ፣ ፎርሙ ይላክ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ፎንቱንም፣ የፊደሉን ቅርጽ፣ አትርሱ። ከገጹ ጋር ፎንት ካልላካችሁ ዊንዶውስ አማርኛውን ኢብሪማ ወይም ኒያላ በሚባል ፎንት፣ ማክ «ከፋ» በሚባለው፣ አንድሮይድ በኖቶ ያሳያል። የፊደሉ ስፋት ይለያያል። የቁልፉ ወርድ በፒክስል ከተቆለፈ «ያረጋግጡ» የሚለው ቃል አንዱ ላይ ልክ ሆኖ ሌላው ላይ ይፈስሳል። ወርዱን ለቃሉ ልቀቁለት፤ ቁመቱንም እንዲሁ።

ዲዛይነሯ፦ እሺ ጋሼ፣ ስለ ክብ ጠርዙ ተረታሁ። ቀለሙም ፎንቱም ይለያይ። ቅደም ተከተሉ ግን አንድ ይሁን። መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ስልክ፣ መጨረሻ «ላክ»። እኛ አገር ብዙ ፎርም የሚሞላው አንዱ ለሌላው በስልክ እየነገረ ነው።

ፕሮግራመሩ፦ ለሱ ማስገደድ ካስፈለገ እኔም እፈርማለሁ።