ሰዓት ሳላይ ፍጥነቴን እንዴት ልመጥን?

ሰላም ሯጮች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። ለማራቶን ስዘጋጅ አራተኛ ወር ሆነኝ፤ በሳምንት 130 ኪሎ ሜትር ደርሻለሁ። ጉልበቴም እግሬም ደህና ናቸው። ያቃተኝ ፍጥነት በስሜት መመጠን ነው።

እሁድ ሰንዳፋ አስፋልት ላይ 32 ኪሎ ሜትር ልሮጥ ወጣሁና ሰዓቴን በእጅጌዬ ሸፈንኩት። ሐሳቤ አንዱን ኪሎ ሜትር በ4:55 (4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ) መሮጥ ነበር። የመጀመሪያው 10 ሽርሽር መሰለኝ። 24ኛው ላይ ጭኔ እንጨት ሆነ፣ በሚኒባስ ተመለስኩ (ረዳቱ «አሞሃል እንዴ?» እያለ)። ቤት ገብቼ ሳየው ለካ መጀመሪያውን በ4:25 ነው የበረርኩት!

እንጦጦ ደግሞ ግራ ያጋባል። ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል በ5:50 እየሄድኩ እንኳ ትንፋሼ ይቆራረጣል። አቃቂ ወርጄ በ5:00 ስሮጥ ግን እያወራሁ ነው። ታዲያ የቱን ስሜት ልመን?

በቡድን ስሮጥ ከፊቴ ያለውን እግር በእግር ስለምከተል አልሳሳትም። ብቻዬን ስሆን ነው የማብደው። እናንተ ትንፋሽ ትቆጥራላችሁ ወይስ የእርምጃችሁን ድምፅ ትሰማላችሁ? ወይስ ኪሎ ሜትሩ በዝቶብኝ ድካሙ ነው ስሜቴን ያደነዘዘው? ውድድሩ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። «ሌላ ሰዓት ግዛ» የምትሉኝ ግን ይቅርባችሁ።