የኬንያ የ2017 ምርጫ፦ ታዛቢዎቹ አመሰገኑ፣ ፍርድ ቤቱ ሰረዘ። እንዴት?

የማታወፍ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኬንያ የ2017 ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ እያነበብኩ ነበር (ዓመቱም ወሩም እንደ ፈረንጆቹ ነው) እና አንድ ነገር ሊገባኝ አልቻለም። የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆን ኬሪ ምርጫ ከሚታዘበው ካርተር ማዕከል፣ የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ከአፍሪካ ኅብረት፣ የጋናው ፖለቲከኛ ጆን ማሃማ ከኮመንዌልዝ፣ የአውሮፓ ኅብረትም የራሱን ቡድን ይዞ፣ ሁሉም ምርጫውን ሊታዘቡ ናይሮቢ ከትመው ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል የድምፅ አሰጣጡን አመሰገኑ። ከዚያ ሴፕቴምበር 1 ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ 2 በሆነ ድምፅ ምርጫውን ሰረዘው። ያ ሁሉ ታላላቅ ሰው ምን ሲያይ ነበር ታዲያ? ዋሽተው ነው ወይስ አይተው ዝም ብለው? እኔማ ሆቴል ከርመው የተመለሱ ነው የሚመስለኝ።

ብራና፦
የሆቴሉን ነገር ተወው። ታዛቢዎቹ ጣቢያ ለጣቢያ ሲዞሩ ነው የዋሉት። ይልቅ ቀኖቹን ተመልከት። ድምፅ የተሰጠው ማክሰኞ ኦገስት 8 ነው። ዋና ዋናዎቹ ቡድኖች የመጀመሪያ መግለጫቸውን የሰጡት ሐሙስ ኦገስት 10 ነው። የምርጫ ኮሚሽኑ በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ በ54 ከመቶ ገደማ አሸንፏል ብሎ ያወጀው ደግሞ ዓርብ ኦገስት 11 ማታ። ገባህ? ውጤቱ ሳይታወጅ ነው የተናገሩት። መግለጫዎቹን ራሳቸውን ብታነብ ድመራው ገና አላለቀም የሚል ነገር አለባቸው፣ ግን ዜና ላይ የምትወጣው «ጥሩ ነበር» የምትለዋ ብቻ ናት።

ፍርድ ቤት ያስኬደው ጉዳይ ደግሞ ከሰልፉና ከሳጥኑ በኋላ ያለው ነው። ወደ 41 ሺህ የሚጠጉ ምርጫ ጣቢያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ጣቢያ ቆጥሮ ሲጨርስ ውጤቱን 34ኤ በሚባል ቅጽ ይሞላል፣ ወኪሎች ይፈርሙበታል፣ የቅጹ ፎቶ ከቁጥሩ ጋር በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይላካል፣ ከዚያ በ290 የምርጫ ክልሎች ተደምሮ 34ቢ ላይ ይሰፍራል። በተግባር የሆነው ግን ቁጥሩ ስክሪን ላይ ሲጎርፍ የብዙ ጣቢያዎች ቅጽ አብሮት አልመጣም። ፕሬዚዳንቱ አሸነፈ ሲባልም ኮሚሽኑ ሁሉንም ቅጾች በእጁ አላስገባም ነበር። ፍርድ ቤቱ ሰርቨሩን ክፈቱና ይታይ ብሎ አዘዘ፣ ኮሚሽኑ በሙሉ አልከፈተም። ከምርጫው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ደግሞ የኮሚሽኑ የአይቲ ኃላፊ ክሪስ ምሳንዶ ተገድሎ ተገኝቷል። እንግዲህ ጣቢያ በር ላይ የቆመ ታዛቢ ሰርቨር ውስጥ ያለውን በምን ዓይኑ ያያል?

ልባም፦
@ብራና ታዛቢዎቹን አላያችሁትም ብዬ አልከሳቸውም፣ ካላዩ ለምን ቸኮሉ ነው የምለው። በ48 ሰዓት ውስጥ መግለጫ መስጠት ግዴታ አይደለም እኮ! እንደኔ ሁሉም የፈሩት የ2007ቱን ነው። ያኔ ከምርጫው በኋላ በተነሳው ብጥብጥ ከ1,000 በላይ ሰው አልቋል፣ ስለዚህ በ2017 ሰው ተሰልፎ መርጦ በሰላም ቤቱ ሲገባ ሲያዩ ትልቅ እፎይታ ተሰማቸውና እፎይታውን እንደ ውጤት አቀረቡት። የሚገርመው በ2007 የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች ድመራው ላይ ችግር አለ ብለው በግልጽ ተናግረዋል። ስለዚህ ሲፈልጉ ይችሉበታል።

ኪያ፦
ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። የኬንያ የራሳቸው ታዛቢዎች፣ ማለትም የአገር ውስጥ ድርጅቶች ኅብረት፣ በናሙና ከተመረጡ ጣቢያዎች የራሱን ትይዩ ድመራ ሠርቶ ነበር፣ ያገኘውም ኮሚሽኑ ካወጀው ጋር ተቀራራቢ ነው። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ተቃዋሚው እጩ ራይላ ኦዲንጋ ነው ያሸነፈው አላለም፣ ኬንያታ አጭበርብሯልም አላለም። ያለው ምርጫው እንደ ሕገ መንግሥቱና እንደ ሕጉ አልተካሄደም፣ ውጤቱ የመጣበት መንገድ ሊረጋገጥ አይችልም ነው። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ ማራጋ ምርጫ የአንድ ቀን ክስተት ሳይሆን ሂደት ነው ያሉትም ለዚህ ነው። ድጋሚው ኦክቶበር 26 ተካሄደ፣ ኦዲንጋ ኮሚሽኑ ሳይስተካከል አልገባም ብሎ ወጣ፣ ኬንያታ 98 ከመቶ አገኘ፣ ለመምረጥ የወጣው ሕዝብ ግን ከተመዘገበው 40 ከመቶ እንኳን አልሞላም።

ጉዱካሳ፦
98 ከመቶ! እሱንስ ማን ታዘበው 😂

ኪያ፦
@ጉዱካሳ ሳቅ ብቻ አይደለም፣ ቁም ነገር አለው። ብዙ ታዛቢዎች ለድጋሚው በጣም ቀንሰው ነው የመጡት።

ልባም፦
የማላዊንም ጨምሩበት። የሜይ 2019 ምርጫ በፌብሩዋሪ 2020 በፍርድ ቤት ተሰረዘ፣ የውጤት ቅጾች ላይ ቁጥር በነጭ ማጥፊያ ቀለም ተደልዞ ስለተገኘ። እዚያም ቢሆን ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው ቅጹን የያዘ ወኪልና ጎዳና የወጣ ሕዝብ ነው፣ የውጭ ታዛቢ አይደለም።

ብራና፦
በዚህ እስማማለሁ። ለዚህም ነው ኬንያ በ2022 ያደረገችው ከሁሉም የሚሻለው። ኮሚሽኑ የጣቢያዎቹን 34ኤ ቅጾች ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ለቀቀ። ጋዜጠኛው፣ ፓርቲው፣ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ቁጭ ብሎ ደመረ። ያሸነፈው ዊልያም ሩቶ 50.49 ከመቶ፣ ኦዲንጋ 48.85 ነበር፣ ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ አራት ኮሚሽነሮችም ውጤቱን አንቀበልም ብለው ወጥተው ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ዳኞቹ ግን በአንድ ድምፅ አጸደቁት። ያኔ ክርክሩ ቢያንስ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችለው ወረቀት ላይ ነበር።

የማታወፍ፦
ተባረኩ፣ ነገሩ ገባኝ። ቀኖቹን ማየት ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። የ2017ቱ ታዛቢዎች ግን ከፍርዱ በኋላ ምን አሉ? ዝም ነው?

ብራና፦
ዝም አላሉም። የአውሮፓ ኅብረት የመጨረሻ ሪፖርቱን በጃንዋሪ 2018 አወጣ፣ ከመጀመሪያው መግለጫ በጣም ረዘም ያለ ነው። ጊዜ ከሌለህ ስለ ውጤት ማስተላለፍና ስለ ፍርድ ቤቱ ያለውን ክፍልና መጨረሻ ላይ ያሉትን ምክረ ሐሳቦች ብቻ አንብብ፣ የቀረውን ዝለለው።