ስለ አዳራሻችን የሌሊት ወፎች ለወረዳው የምናስገባው ደብዳቤ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ረቂቁ ይኸው፦ «ቡራዩ በሚገኘው የእድራችን አዳራሽ ኮርኒስ የሰፈሩት የሌሊት ወፎች በመርዝ እንዲጠፉልን እንጠይቃለን።» ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ማርበርግ የሚባለው ከሌሊት ወፍ የሚመጣ ገዳይ የቫይረስ በሽታ ከተገኘ ወዲህ እናቶች አዳራሹ ውስጥ ማብሰል ፈርተዋል። ሐሳብ ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦ ደግፌያለሁ። ቶሎ ይግባ።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ፍርሃቱ ልክ ነው። መርዙ ግን ይውጣልኝ። ማርበርግን ተሸክሞ የሚኖረው ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ የሚወደው ፍራፍሬ በሊታ የሌሊት ወፍ ነው። ራሱ አይታመምም፤ ቫይረሱ በምራቁ፣ በሽንቱና በኩሱ ይወጣል። ኡጋንዳ ውስጥ ኪታካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ታመሙ። ከዚያ የሌሊት ወፎቹን ፈጇቸው። ቦታው ግን ባዶ አልቀረም፣ ሌሎች ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው ከ5 በመቶ ወደ 13 በመቶ ገደማ ከፍ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት እዚያው አካባቢ ወረርሽኝ ተነሳ። ኮርኒስ የሚገቡት ደግሞ በአብዛኛው ትንኝና የእሳት እራት የሚለቅሙት ትናንሾቹ ናቸው። በመርዝ ሲወድቁ ልጆች ያነሷቸዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

አናጺው፦ ታዲያ አብረውን ይኑሩ?

ነርሷ፦ አይ፣ ይውጡና ይዘጋ። ሲመሽ ለምግብ ይወጣሉ። ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ፤ አንዱ ላይ ብቻ መረብ ከላይ ተመትቶ ይንጠልጠል። በሥሩ ይወጣሉ፣ መመለሻ ያጣሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ እሱም ይደፈናል። መብረር ያልቻሉ ግልገሎች ካሉ ግን እስኪያድጉ እንታገስ፤ አለዚያ ውስጥ ይሞታሉ።

አናጺው፦ ይሄማ በእኔ ይሁን። ክፍተቱ ቆርቆሮውና ግድግዳው መጋጠሚያ ላይ ነው። መረብና ሲሚንቶ ብቻ ግዙልኝ።

የወጥ ቤት አስተባባሪ፦ ኩሱንስ? የምንጠርገው እኛ ነን እኮ።

ነርሷ፦ እትዬ፣ በደረቁ እንዳይጠረግ፤ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። በረኪና ባለው ውሃ ይራስ። ጓንትና ማስክ ይደረግ። የሌሊት ወፍ የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብና ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚያመጡም አሉ።

የወጣቶች ተወካይ፦ የድንጋይ ካባው ዋሻስ? ልጆች ሁልጊዜ ይገቡበታል። እሱም ይካተት።

ጸሐፊ፦ ተካቷል። አዲሱ፦ «የአዳራሹን ክፍተት በራሳችን ጉልበት እንዘጋለን። ወረዳው ጓንት፣ ማስክና በረኪና እንዲያግዘን፣ የካባው ዋሻ መግቢያም እንዲታጠርልን እንጠይቃለን።»

ገንዘብ ያዥ፦ የመረቡና የሲሚንቶው ከእድሩ ይውጣ። እኔ እፈርማለሁ።