እድር በግዴታ ይሁን ወይስ በውዴታ? የአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነዋሪዎች ክርክር

የክርክሩ ከፋች፦
በየካ አባዶ በምንኖርበት ግቢ ለሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አንድ የውሳኔ ሐሳብ ቀርቧል። በሐሳቡ መሠረት በግቢው የሚኖር አባወራ ወይም እማወራ ሁሉ፣ የቤት ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ የግቢው እድር አባል የመሆን ግዴታ ይኖርበታል፤ ያለ በቂ ምክንያት ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ኮሙናል የሚባለውን የጋራ መገልገያ ቤትም ሆነ የግቢውን ሜዳ ለድንኳን መጠቀም አይችልም። እኔ ሐሳቡን በዚህ መልኩ አልደግፈውም፤ እድሩ እንዲዳከም ግን ፈጽሞ አልፈልግም። አንድ ሰው በራሱ መንገድ የመኖር መብቱ የት ድረስ እንደሚሄድ፣ ለጎረቤቱ ሲል መተው ያለበት ነገርስ ምን እንደሆነ ከስብሰባው በፊት ብንነጋገርበት ይሻላል ብዬ ነው ርዕሱን የከፈትኩት።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ልጄ፣ ርዕሱን ማንሳትህ መልካም ነው። እኛ ዕጣ ያገናኘን ሰዎች ነን፤ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታ፣ ከሰንጋ ተራ ተነሥተን ማን ከማን ጋር ደረጃ እንደሚጋራ ሳናውቅ ነው እዚህ የገባነው። በከተማችን እድር የተስፋፋውም ከየአገሩ የመጣ ሰው ዘመዱን ርቆ ሲሞት ቀባሪ እንዳያጣ በመታሰቡ ነው፤ እዚህ ዳር ከተማ ላይ ያለነው ሰዎች ደግሞ ዛሬም ያው ችግር አለብን። ባለፈው ክረምት ከአራተኛ ፎቅ አስከሬን ስናወርድ የደረጃው መታጠፊያ ስለማያዞር ሳጥኑን በየመታጠፊያው ወደ ላይ እያቆምን፣ አንዱ ከሥር በትከሻው ደግፎ ነበር ያወረድነው። ሟች የእድሩ አባል አልነበሩም። ሆኖም አባል አይደሉም ብለን በራችንን ዘግተን ልንቀመጥ አልቻልንም፤ ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ወጣ፣ ሴቶቹም ንፍሮ ቀቀሉ። አባቶቻችን ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይላሉ። እኛ ግን ብቻውን የበላውንም ብቻውን እንዲቀበር አንተወውም፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው ድርሻውን እንዲያዋጣ መጠየቅ ምኑ ላይ ነው ጭቆና የሚሆነው?

በሆስፒታል የምትሠራ ነዋሪ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የእኔ ቅሬታ ከመዋጮው ጋር የተያያዘ አይደለም። ወርኃዊውን ክፍያ አንድም ጊዜ አላሳለፍኩም፤ አስፈላጊ ከሆነም እጥፉን እከፍላለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ጡሩምባ ሲነፋ እኔ ገና ተረኛ ነኝ፤ ከተረኝነት ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ አባዶ እስክደርስ ቀብሩ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ያሉትን ምሽቶች ከሐዘንተኛዋ ጋር እቀመጣለሁ፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ መውሰዷን አያለሁ፣ ልጆቿን አበላለሁ። መዝገቡ ግን የሚያውቀው ቀብር ላይ ስሙ ተጠርቶ አቤት ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ከሁሉም በላይ ለቅሶ ቤት የሰነበትኩት እኔ ተቀጪ ሆኜ እገኛለሁ። ሰው ሐዘኑን እንደ አቅሙና እንደ ሥራው ይግለጽ ነው የምለው። ሁላችንም በአንድ መልክ ብቻ እንድናዝን መገደዳችን ለሟች ቤተሰብ ምን እንደሚጨምር አልገባኝም።

የሕግ ባለሙያ የሆነ ተከራይ፦
ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለተቀላቀሉ ልለያቸው። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የቤት ባለቤቶች ማኅበርን ያቋቋመው ጣሪያውን፣ ደረጃውንና ሌላውን የጋራ ንብረት እንዲያስተዳድር ነው። ለእነዚህ የሚወጣው ወጪ ግዴታ ነው፤ አንድ ሰው ደረጃውን አልጠቀምም ብሎ ከወጪው ሊሸሽ አይችልም፣ ምክንያቱም ሕንጻው በባሕርዩ ተነጣጥሎ አይኖርም። እድር ግን በፈቃድ የሚገባበት ማኅበር ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 13 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ እነዚህ መብቶች ከዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ያዛል። መግለጫው በ1948 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲወጣ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የማኅበር አባል እንዲሆን አይገደድም ብሏል። ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ሥልጣኑን ለእድሩ አውሶ ኮሙናሉን መቀጫ ማድረግ አይገባውም። ኮሙናሉ ሰው እንዲያርድበትና ድግስና ሐዘኑን እንዲያስተናግድበት ለሁሉም የተሠራ የጋራ ሀብት ነው።

ከልደታ የመጣች ነዋሪ፦
እናቴ ዛሬም የልደታውን እድር ትከፍላለች። ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም አባላቱ አሁንም ተጠራርተው ይቀባበራሉ። እናቴ በሕይወት ዘመኗ የቀበረቻቸው ሰዎች ልጆች እሷንም እንዲቀብሯት ትፈልጋለች፤ ከጡረታዋ ሁለት እድር መክፈል ግን አትችልም። ይህን ራስ ወዳድነት ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ በግንባር ቀርቦ ይንገራት።

ሙስሊም ነዋሪ፦
እኔ አባልነቱ ግዴታ ቢሆን ቅር አይለኝም። አባቴ ሲሞቱ የግቢው ሰው ከእኛ እኩል ሮጧል፤ ቀብራችን ስለማይዘገይ ድንኳኑ ገና በደንብ ሳይወጠር ነበር ወደ መቃብር የሄድነው፣ ያም ሆኖ ማንም አልቀረም። ይሁን እንጂ መተዳደሪያ ደንቡ አባል ፍትሐት እስኪያልቅ ይቆማል የሚለውን ማሻሻል አለበት። ቀባሪ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ሸኝቶ እዚያ ቢጠብቅ ለእኔም ለፕሮቴስታንቱ ጎረቤቴም የሚበቃ ይመስለኛል።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ለእህቴ ከልደታ፣ እናታችንን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም፤ ሌላ ቦታ እድር ያለው ሰው ነጻ ይሁን የሚለውን እቀበላለሁ። ፍትሐቱን በተመለከተ የተባለውም ትክክል ነው። የሕግ ባለሙያው ወንድሜ ግን አንድ ነገር ይመልስልኝ። ነገሩ በውዴታ ከሆነ ጤነኛው ወጣት ወላጆቹ እስኪታመሙ ድረስ ውጭ ይቆያል፤ በሽታው ሲጠና ለመመዝገብ ይመጣል። በመዋጮ የቆመ እድር ይህን ስንት ጊዜ ይችላል?

የክርክሩ ከፋች፦
ጋሼ፣ ለዚህ ነባር እድሮች መላ አላቸው። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ከእድሩ ንብረት ድርሻውን አስልቶ መግቢያ ይከፍላል፤ ከገባም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ ክፍያ አያገኝም። ይህ ማንንም ሳያስገድድ ሳያዋጡ መጠቀምን ይከላከላል። ደንብ ይለወጣል ሲባልም የሚደነግጥ ሰው ሊኖር አይገባም፤ ኤች አይ ቪ ብዙ ሰው በቀጠፈበት ዘመን በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን ወደ መደገፍና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መርዳት የገቡት ደንባቸውን ከፍተው ነው። በመሆኑም በስብሰባው ላይ የምጠይቀው አባልነት በፈቃድ እንዲሆን፣ የመገኘት ግዴታ በሌላ አገልግሎት እንዲተካ፣ ለምሳሌ ማምሻ ላይ ለቅሶ ቤት ማገልገል ወይም ሐኪም ቤት ማድረስ እንደ ቀብር እንዲመዘገብ፣ ኮሙናሉም ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ነው። በአንጻሩ የጥበቃ፣ የጽዳትና የፍሳሽ ማስመጠጫ ክፍያ የማይከፍሉ ባለቤቶችን በተመለከተ ከማንም በላይ ጥብቅ እንድንሆን እፈልጋለሁ። እዚያ ላይ የአንዱ ነጻነት የሌላው ደጃፍ ላይ በሚፈስ ፍሳሽ ነው የሚከፈለው።

በሆስፒታል የምትሠራ ነዋሪ፦
አገልግሎቱ የሚመዘገብ ከሆነ የሌሊት ተረኞችን ስም ሰብስቤ አመጣለሁ፤ በእኛ ብሎክ ብቻ ጥቂት አይደለንም።

የእድሩ ጸሐፊ፦
በአገልግሎት መተካቱን በኮሚቴው ፊት እኔው ራሴ አቀርበዋለሁ፤ መግቢያውንም እንዲሁ። ኮሙናሉ የሁሉም ነው በተባለው ላይ ክርክር የለኝም። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ግን በአባላት ገንዘብ የተገዛ ስለሆነ አባል ላልሆነ ሰው በነጻ ይሰጥ ከተባለ እቃወማለሁ። በኪራይ ይሰጥ ከተባለ ደግሞ ዋጋው ስንት እንደሚሆንና ሐዘን ላይ ካለ ቤት ኪራዩን ማን ሄዶ እንደሚጠይቅ ከወዲሁ አስቡበት፤ እኔ አልጠይቅም።