በዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር ላይ የጂቲ መኪኖችን እንዴት እንከታተል?

ጥያቄ፦ የኦርላንዶው
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኦርላንዶ ስለሆነ፣ በመጪው ጃንዋሪ መጨረሻ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ወደ ዴይቶና ሄደን ኢምሳ የተባለው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ውድድር ዘመን የሚከፈትበትን የ24 ሰዓት ውድድር ለማየት አስበናል። የምንወደው እንደ ፖርሽ 911፣ ኮርቬትና ፌራሪ ያሉትን፣ ከመንገድ መኪና የተሠሩትን የጂቲ መኪኖች እንጂ ለውድድር ብቻ ተሠርተው ከፊት የሚሮጡትን ፕሮቶታይፖች አይደለም። በቴሌቪዥን ስከታተል ግን ሁለቱን የጂቲ ምድቦች መለየት ያቅተኛል፤ ለሰዓታት ሲመራ የቆየ መኪና ልዩነቱ በቅጽበት የሚጠፋበት ምክንያትም አይገባኝም። የትስ ሆነን ብናይ ይሻላል? ስለምትሰጡን ምክር አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ሰለሞን
የመኪኖቹ ቴክኒካዊ ደረጃ በሁለቱም ምድቦች አንድ ዓይነት ጂቲ3 ስለሆነ በቅርጻቸው ሊለዩአቸው አይችሉም። ልዩነቱ ያለው በአሽከርካሪዎቹ ነው። በ2022 የተጀመረው ጂቲዲ ፕሮ የባለሙያዎች ምድብ ሲሆን፣ በጂቲዲ ግን ዝቅተኛ ደረጃ የተሰጠው አሽከርካሪ በቡድኑ ውስጥ መኖርና የተወሰነለትን ሰዓት መንዳት ግዴታው ነው። የቁጥር ሰሌዳውን ቀለም ይመልከቱ፤ ቀይ ጂቲዲ ፕሮ፣ አረንጓዴ ጂቲዲ ነው።

መልስ፦ ሕይወት ከአትላንታ
ልዩነቱን የሚያጠፋው ቢጫ ባንዲራ ነው። አደጋ ደርሶ ውድድሩ በሙሉ በቢጫ ሲያዝ መኪኖቹ ሁሉ ከደህንነት መኪናው ኋላ ይሰለፋሉ፤ ነዳጅ የሚሞላበትና ጎማ የሚቀየርበት የፒት መግቢያው መጀመሪያ ይዘጋና በኋላ ለፕሮቶታይፖች፣ ቀጥሎም ለጂቲ መኪኖች በተራ ይከፈታል። በዚህ መሃል በአንድ ዙር የተቀደመ መኪና ሁኔታው ሲፈቅድለት ዙሩን መልሶ ያገኛል። ስለዚህ አንድ ቡድን ሌሊቱን በሙሉ የሚደክመው ሌላውን በሰፊው ለመራቅ ሳይሆን፣ በምድቡ መሪ ዙር ላይ እንደቆየና መኪናው ሳይጎዳ የመጨረሻዎቹን ሰዓታት ለመድረስ ነው። በ2022 ጂቲዲ ፕሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የሆነውን ላስታውስዎ፤ ሁለት ፖርሽ 911 መኪኖች፣ በአንዱ ማትዩ ዣሚኔ፣ በሌላው ሎረንስ ቫንቶር፣ ከ24 ሰዓት በኋላ እየተነካኩ የመጨረሻውን ዙር ገቡ፤ ቫንቶር ከመንገዱ ሲወጣ ድሉ የዣሚኔ ቡድን ሆነ። ይህን የመሰለ ፍጻሜ ሊያመልጣችሁ አይገባምና፣ መተኛት ካለባችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተኝታችሁ ንጋት ላይ ተመለሱ።

መልስ፦ የሌሊት ተመልካች
በእንቅልፉ ጉዳይ ከእህታችን ሕይወት ጋር አልስማማም፤ እኔ የምወደው ሌሊቱን ነው። መኪኖቹ ከሞላላው መንገድ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተው ኢንተርናሽናል ሆርስሹ ለተባለው ጥምዝ ፍሬን ሲይዙ፣ የጂቲዎቹ የፍሬን ዲስክ በጎማው ውስጥ ፍም መስሎ ሲቀላ በግልጽ ይታያል፤ ይህን በቀን አታገኙትም። አጠቃላይ ሁኔታውን ለመከታተል ግን ከዋናው የተመልካች መቀመጫ ከፍ ያለውን ረድፍ ምረጡ፤ ከዚያ 5.7 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ አብዛኛው ይታያል። ፍሎሪዳ ነው ብላችሁ በቀላል ልብስ እንዳትሄዱ፤ የጃንዋሪ ሌሊት ይበርዳል። የጆሮ መከላከያም ከቤት ይዛችሁ ውጡ።

ጥያቄ፦ የኦርላንዶው
እጅግ አመሰግናለሁ። እዚህ የሚያሸንፈው መኪና የዘመኑም አሸናፊ ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል? አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅም በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ጠይቆኛል።

መልስ፦ ሰለሞን
ከዴይቶና ብቻ ተነስቶ መገመት አይመከርም። 31 ዲግሪ የሚያዘነብሉት ጥምዞች መኪኖቹን በሙሉ ፍጥነት ስለሚያስኬዱ፣ ቀጥተኛ ፍጥነት ያለው መኪና እዚህ ይጠቀማል፤ በማርች የሚከተለው የሴብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር ግን በከፊል በአሮጌ የአየር ማረፊያ ኮንክሪት ላይ ስለሚካሄድ፣ ጉብታውን የሚችል ሌላ ዓይነት መኪና ይጠይቃል። እኔ ከሴብሪንግ በፊት ግምት አልሰጥም።

መልስ፦ አስቴር ከአዲስ አበባ
በቅርብ ዓመታት የሚጀመረው በፍሎሪዳ ቅዳሜ ቀን 7 ሰዓት ከ40 ላይ ስለሆነ፣ እኛ ዘንድ ቅዳሜ ምሽት 3 ሰዓት ከ40 ይሆናል። የዴይቶና ጨለማ የሚጀምረው እኛ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ ስንደርስ፣ ንጋቱም በእሑድ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። እኔ መጀመሪያውን አይቼ እተኛለሁ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቀረውን በሙሉ እከታተላለሁ፤ የአክስትዎ ልጅም እንዲሁ ቢያደርግ ፍጻሜው እሑድ ምሽት 3 ሰዓት ከ40 ላይ ስለሆነ ምንም አይቀርበትም።