የልጆች የእምነት ጥርጣሬ በጉባኤ ይነሣ ወይስ ለንስሐ አባት ይተው?

የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ፦
ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ በቤቴ የደረሰ ነው። የ15 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤቱ ጋር ብሔራዊ ሙዚየምን በጎበኘ በሳምንቱ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ ሲማሩ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባለው 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2017 ዓመተ ምሕረት ተደምሮ ዓመተ ዓለሙ (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ ያለው ዘመን) 7517 እንደሚሆን ተነገራቸው። እርሱም እጁን አውጥቶ «ድንቅነሽ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗታል ተብለናል፤ የትኛውን እንመን?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ይህ የመናፍቃን ጥያቄ ነው ብለው በጓደኞቹ ፊት አስቀመጡት። ልጄ ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አላነሣም፤ ከሁለት ወር በኋላ ግን ቅዳሴ መሄድ ተወ። ምክንያቱን ስጠይቀው ራሱን እንደሚያመው ብቻ ይነግረኛል። ስለዚህ ጥርጣሬ ላደረባቸው ልጆች በሰንበት ትምህርት ቤት ግልጽ የጥያቄ ጉባኤ ሊኖር ይገባል ወይስ ነገሩ በልጁና በንስሐ አባቱ መካከል ቢቀር ይሻላል? አስተያየታችሁን እጠይቃለሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
እኅቴ፣ ለልጅዎ የተሰጠው መልስ ስሕተት ነው፤ እኔም እንደ አንድ አገልጋይ አፍሬበታለሁ። ሆኖም ግልጽ ጉባኤውን አልደግፍም። እኔ በማገለግልበት አዳራሽ የ12 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ወጣት በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ለትልቁ ተገቢ የሆነው ጥያቄ ለታናሹ ገና የማይችለው ሸክም ነው፤ ጥያቄው በአንድ ደቂቃ ይነሣል፣ መልሱ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ በመካከሉም ታናሹ ጥያቄውን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጌታችን ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው የተናገረው ቃል ከማንም በፊት እኛን ሊያስፈራን ይገባል። ደግሞም አብዛኞቻችን ከሥራ ሰዓት ውጭ በፈቃደኝነት የምናገለግል ነን፤ ስለ ዝግመተ ለውጥ ለመከራከር የሚያበቃ ትምህርት የለንም። የንስሐ አባት ግን የልጁን ጠባይና የቤቱን ሁኔታ ስለሚያውቅ የሚስማማውን መልስ በሚስማማው ጊዜ ሊሰጠው ይችላል።

አንድ ቀሲስ፦
መምህር ያነሡት ስጋት እውነተኛ ነው፤ እኔም ከአንድ ጊዜ በላይ አይቼዋለሁ። ነገር ግን ጥያቄን በጉባኤ ማንሣት ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ እንዳይመስለን። የአንድምታ ትርጓሜያችንን የሰማ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሊቃውንቱ ንባቡን አንብበው ዝም ብለው አያልፉም፤ «ምነው ቢሉ» እያሉ የሚጠይቀውን ሰው ቃል ራሳቸው ያነሡታል፣ ከመለሱም በኋላ በ«አንድም» ሌላ መልስ ይጨምሩበታል። ጌታችንም በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ «ሲሰማቸውም ሲጠይቃቸውም» ተገኘ ተብሎ ተጽፏል። መጥምቁ ዮሐንስ ከወኅኒ ሆኖ «የሚመጣው አንተ ነህን?» ማሰኘቱን ግን እንደ ጥርጣሬ አልጠቅሰውም፤ አባቶቻችን ስለ ደቀ መዛሙርቱ ሲል እንደጠየቀ ይተረጉሙታልና።

ይልቁንም በየዓመቱ በዳግም ትንሣኤ የምናስበውን ቶማስን እንመልከት። ሐዋርያት ጌታን አየነው ሲሉት ካላየሁ አላምንም አለ። እነርሱ ግን አላባረሩትም፤ ከስምንት ቀን በኋላ ጌታ በመጣ ጊዜ ቶማስ አብሮአቸው በቤት ውስጥ ነበረ። ያመነው ከመካከላቸው ስላልወጣ ነው። የእኅታችን ልጅ ግን ባልተመለሰለት ጥያቄ ሳይሆን በተሰጠው ስድብ ከጉባኤው ወጥቷል።

የንስሐ አባትን በተመለከተም፣ እኔ ራሴ የብዙ ቤተሰቦች የንስሐ አባት ነኝ፤ አንዳንዶቹን የማገኛቸው በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ መሆኑን አልሸሽግም። ከዚህም በላይ ጥያቄን ወደ ንስሐ ብቻ ስንልከው ልጁ መጠየቁን ራሱን እንደ ኃጢአት ይቆጥረዋል።

የሥነ ሕይወት መምህርት፦
እኔ ሳምንቱን በክፍል አስተምራለሁ፣ እሑድ አስቀድሳለሁ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ ስትገኝ ዕድሜዋ እንዲሁ በግምት አልተነገረም፤ በአካባቢው በሚገኘው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ያለው አርገን የተባለ ጋዝ መጠን ተለክቶ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ ታውቋል። አንድ አገልጋይ ይህን ሳያውቅ «ውሸት ነው» ካለ፣ ልጁ በማግስቱ እኔ ክፍል ገብቶ አሠራሩን ሲማር የሚወድቀው የአገልጋዩ መልስ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አፍ የሰማው ትንሣኤም አብሮ ይጠረጠራል። 5500 ዘመኑ በትውፊታችን ለአዳም ከተሰጠው ተስፋ፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ከሚቆጠርበት ከአምስት ቀን ተኩሉ ቃል ኪዳን ጋር የተያያዘ መሆኑ ለልጆቹ ቢነገራቸው፣ ቁጥሩ የድንጋይን ሳይሆን የድኅነትን ዘመን እንደሚቆጥር ይረዱ ነበር።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
እዚህ ላይ መምህርትን በአክብሮት እቃወማለሁ። አባቶች 5500 ዘመኑን የቆጠሩት ከአዳም ጀምሮ የትውልዶችን ዕድሜ እየደመሩ ነው፤ እንደ ምሳሌ ብቻ አላዩትም። ዛሬ «ምሳሌ ነው» ብለን በቀላሉ ብናልፈው፣ አስተዋይ ልጅ «ታዲያ ሌላውስ የትኛው ምሳሌ ነው?» ይለናል። መልሱን ሳንጨርስ የጨረስን መስለን መቅረባችን ያሳስበኛል።

የሦስት ልጆች አባት፣ ሜሪላንድ፦
እኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ልጆቻችን የሚያስቡት በእንግሊዝኛ ነው፤ የንስሐ አባታችን ደግሞ ትልቅ ሊቅ ሆነው ሳለ ልጄ «ለምን አምናለሁ?» ብላ በገባት ቋንቋ ብትጠይቃቸው ሊከተሏት አይችሉም፤ እኔ ልተርጉም ብገባ ደግሞ ልጅ በአባቷ ፊት ልቧን አትከፍትም። ስለዚህ ለንስሐ አባት ይተው የሚለው ሐሳብ እዚህ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ለማንም አለመተው ይሆናል።

ነገር ግን ጉባኤም ሁሉን ይፈታል ብላችሁ እንዳትደክሙ። የትልቋ ልጄ ጥርጣሬ ስለ ዘመን ቆጠራ አልነበረም። አያቷ አገር ቤት ስትታመም ሁዳዴን እንደ ትልቅ ሰው ጾመች፣ በየሌሊቱ ሰገደች፤ አያቷ ግን ለፋሲካ አልደረሰችም። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ያህል ጸሎት ላይ ስንቆም ከንፈሯ አይንቀሳቀስም ነበር። እኔ መዝሙረ ዳዊትንና ኢዮብን እየጠቀስሁ ልመልስላት ስሞክር ይበልጥ ትሸሸኝ ነበር። የረዳቻት እናቷን በልጅነቷ ያጣች አንዲት የመዘምራን አባል ናት፤ አላስተማረቻትም፣ እየመጣች አብራት ታለቅስ ነበር። በማርቆስ ወንጌል የታመመው ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለውን ቃል ልጄ ያገኘችው ከእኔ ሳይሆን ከእርሷ ነው። ዛሬ ትጸልያለች፤ የጠየቀችው ጥያቄ ግን አልተመለሰላትም።

ጡረተኛ መምህር፣ ባሕር ዳር፦
እኔ በደርግ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርሁ፤ እግዚአብሔር የለም የሚለው ትምህርት በግዴታ ይሰጠን ነበር። ከጓደኞቼ መካከል ጸንተው የቀሩት ጥያቄ ያልነበራቸው ሳይሆኑ የሚጠይቁት ሰው ያገኙ ናቸው። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ በዚያ አስጨናቂ ጊዜ ዝዋይ ላይ ወጣቶችን እየሰበሰቡ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። አንድ ሊቀ ጳጳስ ለተማሪ ጊዜ ካገኘ እኛ ምን ምክንያት አለን?

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
አባቴ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል። ከአቋሜ ጥቂት ልመለስ፦ ከ15 ዓመት በላይ ላሉት ብቻ፣ ጥያቄው ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ተሰብስቦ፣ ካህንና በሙያው የተማረ ምእመን ባሉበት ጉባኤ ቢደረግ እስማማለሁ። አገልጋዩም «አላውቅም፣ ጠይቄ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» የማለት ፈቃድ ይኑረው፤ በሳምንቱም ይዞ ይምጣ። ለታናናሾቹ ግን አሁንም አልፈቅድም።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ለልጄ አነበብሁለት፤ የቶማስን ስምንት ቀን ሲሰማ «እኔን ግን ጠብቀውኛል?» አለኝና ዝም አልሁ። ጥያቄውን የመናፍቃን ነው ያሉትን መምህር አነጋግሬያቸው ሊጠይቁት ቤት ለመምጣት ተስማምተዋል። ቅዳሴ መሄዱን ግን ገና እንቢ ብሏል፤ እኔም እስከ አሁን አላስገደድሁትም። በዚህ ተሳስቼ እንደሆነ ንገሩኝ።